ንግሥቲቱ ያለቀሰችበት መስኮት

[ሽሮፕሻየር፣ ሞልድሪክ የሚባል የድሮ መኳንንት ቤት። መኳንንቱ አልቀው አሁን ሰው ቲኬት ቆርጦ ነው የሚጎበኘው። በየክፍሉ በነጻ የሚያገለግሉ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው እንግዳ ያስተናግዳሉ። በትልቁ መኝታ ክፍል ያሉት ሁለት ናቸው። ላዮኔል ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ማቪስ ግን ትናንት ነው ከሻይ ክፍሉ የመጣችው፤ እዚያ ዳቦ ላይ ቅቤ ትቀባ ነበር። ውጭ ያካፋል። እነሱ ይጨቃጨቃሉ።]

ላዮኔል፦ ያ መስኮት አይደለም!

ማቪስ፦ እሺ፣ ምን ያስቆጣል። ይኼኛው ነዋ።

ላዮኔል፦ እሱም አይደለም!

ማቪስ፦ እንግዲያው ያ በኩሬው በኩል ያለው ነው። ሌላ መስኮት የለንማ።

ላዮኔል፦ እሱም አይደለም አልኩሽ እኮ!

ማቪስ፦ ታዲያ ንግሥቲቱ የት ሆና አለቀሰች? በር ላይ?

ላዮኔል፦ አላለቀሰችም!

ማቪስ፦ ውይ። ደረቅ ሴት ነበረች?

ላዮኔል፦ ደረቅም እርጥብም አይደለችም! መጥታ አታውቅም! ንግሥት አን ቦሊን በሕይወቷ የዚህን ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም!

ማቪስ፦ በሞቷስ?

ላዮኔል፦ በሞቷም!

ማቪስ፦ እኔ ግን ጠዋት ለመጡት ሴቶች አሳየኋቸው።

ላዮኔል፦ ምኑን?

ማቪስ፦ መስኮቱን። እርስዎ ሽንት ቤት ሄደው ነበር። «ንግሥቲቱ ያለቀሰችበት መስኮት የትኛው ነው?» አሉኝ። አዲስ ነኝ፣ አላውቅም ማለት አፈርኩ። «ያ ነው» አልኳቸው።

ላዮኔል፦ ከዚያስ?

ማቪስ፦ አለቀሱ። አንደኛዋ መስተዋቱን ሳመችው። የከንፈር ቀለሟን በመሃረቤ ወለወልኩት፤ እንዳይቆጡ ብዬ።

[ላዮኔል ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይይዛል።]

ላዮኔል፦ አየሽ ማቪስ፣ ይኼ ነው አገሩን ያጠፋው። ልብ ወለድ! አንዲት ሴትዮ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ድመቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ንግሥቲቱን መስኮቴ ላይ አስለቀሰቻት። ይኸው አሁን በአውቶቡስ ተጭነው ይመጡብኛል።

ማቪስ፦ ድመት እንዳላት በምን አወቁ?

ላዮኔል፦ ሁሉም አላቸው።

ማቪስ፦ መጽሐፉን እኔም ገዝቼዋለሁ። [ከቦርሳዋ ታወጣለች።] ግን ሽፋኑ አልገባኝም። ቀሚሷ አለ፣ ዕንቁዋ አለ፣ ከአገጯ በላይ ግን የለም። ይኼ አንገቷ ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የተነሳችው?

ላዮኔል፦ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሽፋኑ ሁሉ እንዲያ ነው። ቬልቬት፣ ደረት፣ ዕንቁ፣ በቃ። ጭንቅላት ምን ያደርጋል? የሚያነበውም ጭንቅላቱን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው።

ማቪስ፦ እኔ እንኳ ይዤው ነው የመጣሁት። ባርኔጣዬን አያዩም?

[ማቪስ እግሯን አመማት። ግድግዳው ጋ ያለ ጥንታዊ ወንበር ላይ የተቀመጠውን የደረቀ ኮሸሽላ አንስታ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች።]

ላዮኔል፦ ተነሽ! ተነሽ! ምን ማድረግሽ ነው?

ማቪስ፦ ምነው? አበባውን በቀስታ ነው ያነሳሁት።

ላዮኔል፦ አበባ አይደለም፣ እሾህ ነው! ሰው እንዳይቀመጥ ነው እሾህ የሚደረገው! አራት መቶ ዓመት የሆነው ወንበር ነው!

ማቪስ፦ [ትነሳለች።] «አይቀመጡ» ብሎ መጻፍ ያባት ነው። ወንበር ላይ እሾህ ሆን ብሎ አስቀምጦ ከዚያ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰው እዚህ ቤት ነው ያየሁት።

ላዮኔል፦ መጻፍ ብልግና ነው። እሾህ ጨዋነት ነው። እንግሊዛዊ ሆነሽ ይኼ እንዴት ጠፋሽ?

ማቪስ፦ መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝም?

ላዮኔል፦ ጠይቂ። ቁጣው በኋላ ይደርሳል።

ማቪስ፦ ይኼ አገር ስንት ንጉሥ ነበረው?

ላዮኔል፦ ብዙ። ደጉም፣ ክፉውም፣ እብዱም።

ማቪስ፦ ታዲያ ሰዉ ምነው በዚህ በአንዱ ወፍራም ላይ ሙጭጭ አለ? የሻይ ኩባያው እሱ። የዕቃ ማድረቂያው ጨርቅ እሱ። መጽሐፉ እሱ። ሄንሪ ስምንተኛ፣ ሄንሪ ስምንተኛ። ሰባቱ ሄንሪዎች ምን አጠፉ?

ላዮኔል፦ ይኼኛው ስድስት ሚስት አገባ። ይቺን አን ቦሊንን ጨምሮ ሁለቱን አንገታቸውን አስቆረጠ። ከሮም ጋር ተጣላ፣ ገዳማት አፈረሰ...

ማቪስ፦ የእህቴ ባል አራት አግብቷል። ማንም አልጻፈለትም።

ላዮኔል፦ የማንንም አንገት አላስቆረጠማ!

ማቪስ፦ ይሞክራታ! እህቴን አያውቋትም።

ላዮኔል፦ ነገሩ ይኼው ነው። የሰፈር ወሬ ነው፤ ዘውድ ደፍቶ ሲመጣ ጊዜ ታሪክ ይሉታል። ማን ከማን ተኛ፣ ማን ማንን ተካች። ጎረቤታቸው ላይ ቢያወሩት ያሳፍራቸዋል፤ ንግሥት ላይ ሲሆን ግን «እያጠናሁ ነው» ይላሉ።

ማቪስ፦ ግን መጨረሻ ላይ እንደምትሞት ሰው ያውቃል አይደል?

ላዮኔል፦ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል! ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ!

ማቪስ፦ እና አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ እንደገና ይገዛሉ?

ላዮኔል፦ በየዓመቱ።

ማቪስ፦ ምናልባት በዚህኛው ታመልጥ ይሆናል ብለው ነው?

[ላዮኔል ወደ ኩሬው መስኮት ዞር ይላል።]

ላዮኔል፦ ... ሞኝ ስለሆኑ ነው።

ማቪስ፦ እኔስ እንዲያ ብዬ ነበር የገዛሁት። መካከሉ ላይ ስደርስ «አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ሰውዬ መልስ አትስጪው» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኳት፤ አውቶቡስ ውስጥ። አልሰማችኝም።

ላዮኔል፦ እኔ ገጽ ሰባት ላይ ወረወርኩት።

ማቪስ፦ ምነው? ገጽ ሰባት ላይ እኮ ገና ምንም አልሆነችም።

ላዮኔል፦ ንጉሡ ድንች ይበላል! ድንች! ድንች እንግሊዝ አገር ገና አልገባም ነበር! በሕይወቱ ድንች አይቶ አያውቅም!

ማቪስ፦ የኔ ምስኪን። ታዲያ ሥጋውን በምን በላው?

ላዮኔል፦ ማቪስ፣ ቁም ነገሩ እሱ አይደለም!

ማቪስ፦ እንዴት አይደለም? ሚስቶቹ ላይ የሚናደደው ለዚህ ይሆናል።

[ላዮኔል ሰዓቱን ያያል። ትንሽ ይራመዳል። ተመልሶ ደግሞ ያያል።]

ማቪስ፦ ዛሬ ምን ሆነዋል መምህር? ሻይዎም ቀዘቀዘ። ሰዓቱን ሲያዩ ይኼ አሥረኛዎ ነው።

ላዮኔል፦ አትጠይቂኝ።

ማቪስ፦ እሺ።

ላዮኔል፦ ወይዘሮ ፓርጌተርን ታውቂያታለሽ? የሱቁን ኃላፊ?

ማቪስ፦ ያቺ አፍንጫዋ የሾለው?

ላዮኔል፦ እሷ። መጽሐፌን ከመደርደሪያ ልታወርደው ነው። ዛሬ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ሰው እንኳ ከገዛው ይቆያል፤ ካልገዛው ቦታውን እፈልገዋለሁ» አለችኝ። ለምን እንደምትፈልገው ታውቂያለሽ?

ማቪስ፦ ለምን?

ላዮኔል፦ ለሳሙና። በንግሥቲቱ ጭንቅላት ቅርጽ ለተሠራ ሳሙና።

ማቪስ፦ ውይ፣ አየሁት! የጽጌረዳ ሽታ ነው ያለው። ... ይቅርታ። እርስዎም መጽሐፍ አለዎት?

ላዮኔል፦ [ከቦርሳው የጡብ ያህል የሚወፍር መጽሐፍ ያወጣል።] «የሞልድሪክ ቤት እውነተኛ ታሪክ፣ ከመዛግብት የተለቀመ።» ስምንት መቶ አርባ ገጽ። የዕድሜዬ ሥራ ነው ማቪስ። ከዚህ ከወረደ እኔ ምን ሆኜ ኖርኩ?

ማቪስ፦ ምን ይላል?

ላዮኔል፦ እውነት ይላል።

ማቪስ፦ እሱማ ጥሩ ነው። ማን ማን አለበት?

ላዮኔል፦ ውሾች።

ማቪስ፦ ውሾች?

ላዮኔል፦ የንጉሡ አዳኝ ውሾች። አሥራ አንድ ነበሩ። ሦስት ቀን እዚህ ቤት ሰንብተዋል፤ የበሉት ጨጓራ ሳይቀር የተጻፈበት ወረቀት አለ። ያገኘሁት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ፣ አይጥ ከበላው ሳጥን ውስጥ!

ማቪስ፦ ንጉሡስ?

ላዮኔል፦ አልመጣም። ውሾቹ ብቻ።

ማቪስ፦ አለቀሱ?

ላዮኔል፦ ማን?

ማቪስ፦ ውሾቹ። መስኮቱ ላይ።

ላዮኔል፦ ወረቀቱ የማይለውን እኔ አልልም! ልዩነታችን ይኼ ነው! ያቺ ሴትዮ የሌለ እንባ ትፈጥራለች፤ እኔ ያለ ማስረጃ ጅራት እንኳ አላወዛውዝም! በስምንት መቶ አርባ ገጽ ውስጥ አንዲት፣ አንዲት ፈጠራ አታገኚም!

ማቪስ፦ እንግዲያው ላዮኔል ጋርስታንግ የሚባል ሌላ ሰው አለ። ዘመድዎ ነው?

ላዮኔል፦ ላዮኔል ጋርስታንግ እኔ ነኝ።

ማቪስ፦ እዚህ ልብ ወለዱ ውስጥ የተጻፈው ነው የምልዎት።

ላዮኔል፦ እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ስሜ ምን ይሠራል? የት?

ማቪስ፦ መጨረሻው ላይ፣ ምስጋና የሚለው ጋ። ሰው ሁሉ ንግሥቲቱ ስትሞት ይዘጋዋል። እኔ ግን ንባቤ ቀስ ያለ ነው፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። የጀመርኩትን ደግሞ አልተውም፤ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ሳይቀር አንብቤዋለሁ። የት ነው... ቆይ... ይኸው።

ላዮኔል፦ አንብቢው።

ማቪስ፦ [በጣቷ እየተከተለች።] «የሞልድሪክን... መስኮት... የሰጠኝ... የአቶ ላዮኔል ጋርስታንግ መጽሐፍ ነው። ገጽ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ላይ፣ ከታች በደቃቃ ፊደል፣ አንዲት ንግሥት በዚህ መስኮት ቆማ ኩሬውን እያየች አልቅሳ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይቻላል ይላሉ። ያቺን አንዲት መስመር ባላነብ ይህ ልብ ወለድ አይወለድም ነበር።»

ላዮኔል፦ ውሸት ነው! እከሳታለሁ! እንዲህ ያለ ነገር...

[መጽሐፉን ይገልጣል። አምስት መቶ። ስድስት መቶ። መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፣ ደግሞ ያደርጋል። ጣቱ ከገጹ ግርጌ ላይ ይቆማል።]

ማቪስ፦ አለ?

[ላዮኔል ገጹን ወደ ብርሃኑ ያዞራል።]

ማቪስ፦ በደቃቃው ፊደል ነው?

ላዮኔል፦ ዶሮቲያ ናት።

ማቪስ፦ ዶሮቲያ ስንተኛዋ ሚስቱ ናት?

ላዮኔል፦ የኔ ሚስት! ነፍሷን ይማር። ረቂቁን እንድታነብልኝ ሰጠኋት። ውሾቹ ጋ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። በማግስቱ ትጀምራለች፤ ውሾቹ ጋ ስትደርስ ይወስዳታል። አንድ ቀን «ላዮኔል፣ እባክህ ሰው አምጣበት» አለችኝ። «አንድ ሰው ይበቃኛል» አለች። እኔም... ለእሷ ብዬ... አንድ መስመር።

ማቪስ፦ ወደደችው?

ላዮኔል፦ እዚያ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። በመጽሐፌ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማቪስ፦ እንግዲያው ውሸቱ ከእርስዎ ቤት ነው የወጣው።

ላዮኔል፦ ውሸት አይደለም! «ማሰብ ይቻላል» ነው ያልኩት!

ማቪስ፦ ሴትዮዋም አሰበች።

[ላዮኔል ሳያየው ጥንታዊው ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። ማቪስ እሾሁን አስቀድማ መልሳበት ነበር። ዘሎ ይነሳል።]

ላዮኔል፦ ወይኔ!

ማቪስ፦ ጨዋነት ነው መምህር።

[ከውጭ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል። ማቪስ በመስኮቱ ታያለች።]

ማቪስ፦ መጡ። የዝናብ ልብስ የለበሱ ሴቶች ናቸው፤ ሃያ ይሆናሉ። ሁሉም ያችን ጭንቅላት የሌላትን ይዘዋል። ሰዓቱም ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። መስኮቱ የተወለደበት መጽሐፍ ሱቅ ውስጥ አለ ቢሏቸው እኮ ይገዙልዎታል።

ላዮኔል፦ እኔ? ያንን እኔ ልናገር? ሠላሳ ዓመት «ማስረጃ! ማስረጃ!» እያልኩ ልጅ ገርፌ?

ማቪስ፦ ካልሆነ ምንም አይደል። እኔ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አሁን ተምሬያለሁ።

[ሴቶቹ እየተንጠባጠቡ ይገባሉ። አንደኛዋ መጽሐፏን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ያ መስኮት የትኛው እንደሆነ ትጠይቃለች። ሌሎቹ እስትንፋሳቸውን ይዘዋል።]

ማቪስ፦ የትኛውም አይደለም እመቤቴ። ንግሥት አን እዚህ ቤት መጥታ አታውቅም። ማስረጃ የለም። የመጡት አሥራ አንድ ውሾች ናቸው፤ ጨጓራ በልተው ሄዱ። ንጉሡም ድንች አይቶ አያውቅም።

[የሴቶቹ ፊት ይጠቁራል። አንዷ ጃንጥላዋን ትዘረጋለች። ሱቁ በቀኝ ነው፤ እነሱ ወደ ግራ፣ ወደ አውቶቡሱ ይዞራሉ። ላዮኔል ሰዓቱን ያያል። መጽሐፉን ያያል።]

ላዮኔል፦ ቆዩ!

[ይቆማሉ።]

ላዮኔል፦ ቆዩ እመቤቶቼ! ይቅርታ አድርጉላት፤ ትናንት ነው ከሻይ ክፍል የመጣችው፤ የምታውቀው ቅቤ ብቻ ነው። መስኮቱ... መስኮቱ ይኸውላችሁ።

[ሴቶቹ ተንጋግተው ይመለሳሉ።]

ላዮኔል፦ ክርኗን ያስደገፈችው እዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ጎድጎድ ብሎ አይታያችሁም? ጨረቃዋ ኩሬው ላይ ነበረች። የለበሰችው አረንጓዴ ቬልቬት ነው። ድምፅ አላሰማችም፤ ንግሥት ናትና። መጀመሪያ ያነባው ግራ ዓይኗ ነው።

ማቪስ፦ መምህር፣ ማስረጃ አለው?

ላዮኔል፦ አለው እንጂ! ገጽ ስድስት መቶ አሥራ አንድ! ሱቁ በቀኝ በኩል ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው!

[ሴቶቹ በቀኝ በኩል እየተገፋፉ ይወጣሉ። ኮሪደሩ ላይ ሩጫ ይሰማል። ማቪስ አንገቷን በበሩ አስግጋ ታያለች።]

ማቪስ፦ ጉድ ነው። ተሰልፈዋል! ወይዘሮ ፓርጌተር ሳሙናውን እያነሳች ነው... አንዷ ገና ከፍላ ሳትጨርስ ቁማ እያለቀሰች ነው። ወይዘሮ ፓርጌተር ደግሞ «ሌላ አለ ወይ?» እያለችኝ ነው በምልክት።

ላዮኔል፦ አለ። ጋራዤ ሞልቷል። መኪናዬ ስድስት ዓመት ውጭ ነው ያደረው።

[ወደ ኩሬው ባለው መስኮት ይሄዳል። ክርኑን ድንጋዩ ላይ ያስደግፋል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ማቪስ ቀስ ብላ ከጎኑ ትመጣና ጎንበስ ብላ ፊቱን ታያለች።]

ማቪስ፦ እውነትም በግራው ነው።

ላዮኔል፦ ዝም በይ ማቪስ።

ማቪስ፦ እሺ። ግን ደስ አለኝ፤ ከእንግዲህ እኔ አልዋሽም። «እዚህ መስኮት ላይ ያለቀሰው ማን ነው?» ሲሉኝ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራቸው።

ላዮኔል፦ ምን ብለሽ?

ማቪስ፦ «የታሪክ አስተማሪው» ብዬ።